ተከራይ ብቻውን ሕግ ማስከበር አይችልም

በአዲስ አበባ የቤት ኪራይን ጉዳይ ለምትመሩና ለምትወስኑ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ዘንድሮ ክረምት ሁለት ዓመት ስለሚሞላቸው የኪራይ ውሎች

ጤና ይስጥልኝ።

በመንግሥት ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ከተጋባን 13 ዓመታችን ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስድስት ቤት ቀይረናል። አሁን ያለነው ሳሪስ፣ ከአከራያችን ጋር አንድ ግቢ፣ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው።

ይህን የምጽፈው ልወቅሳችሁ ብዬ አይደለም። የወጣው ሕግ ጥሩ ሕግ ነው። ግን እኛ ግቢ በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ለምን እንደሚቆም ከውስጥ ሆኜ ስለማየው ልንገራችሁ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የጸደቀው መጋቢት 2016 ነው። አንዷ ባልደረባችን ስልኳ ላይ አውርዳው በሻይ ሰዓት ጮክ ብላ አነበበችልን። ውል በጽሑፍ ይሆናል። ይመዘገባል። ከሁለት ዓመት አያንስም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መጠኑንም የሚያሳውቀው መንግሥት ነው። ክፍያ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። እዚህ ላይ ስትደርስ «እስኪ ድገሚው» አልኳት። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ የስድስት ወር ኪራይ በአንዴ ከፍለን ነበር። ባለቤቴ ለዚያ ብሎ የእቁብ እጣ ከጓደኛው ለምኖ ወስዷል። ያን እዳ ከፍለን እስክንጨርስ ልጆቹ ጫማ አልተገዛላቸውም። እና የሁለት ወር የሚለው ቃል ለኔ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ብቻ አልነበረም።

ሰኔ 2016 ላይ ውል አስመዝግቡ ተባለ። በዚያን ጊዜ በወር 8,500 ብር ነበር የምንከፍለው። አከራያችን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ማታ ጠሩንና «ወረቀቱ ላይ 6,000 ነው የምንለው። ግብሩን አልችለውም። ካልተስማማችሁ ቤቱን እፈልገዋለሁ» አሉን። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ሌላ ምን ማድረግ እንችል ነበር? በማግስቱ መታወቂያችንን ይዘን አብረን ሄድን፤ ፈረምን፤ ማኅተም ተመታ።

ከዚያ በኋላ ኪራያችን ሁለት ሆነ። 6,000 ብሩ በባንክ ይገባል። ቀሪው በእጅ ነው። ወር በገባ ማታ ብሩን ከልጄ ደብተር በተቀደደ ወረቀት እጠቀልለውና በማድ ቤቱ መስኮት አቀብላለሁ። ጋሼ ይቆጥሩታል፤ «ተባረኪ» ይሉኛል። መስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ተጨመረ። እኔ አዲሱን ደሞዝ ሳልቀበል ጭማሪውን ጋሼ ቀድመው ሰምተውታል። በእጅ የምሰጠው ከ2,500 ወደ 5,000 ብር አደገ። በመዝገባችሁ ላይ ግን የኛ ኪራይ ዛሬም 6,000 ብር ነው። አንድ ብር አልጨመረም።

መብትሽን ለምን አልጠየቅሽም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ቆጣሪው በእሳቸው ስም ነው። የግቢው በር ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነው። ሳሪስ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሮቶው ያለው እሳቸው ጣሪያ ላይ ነው። መጸዳጃው የጋራ ነው። ልጆቼ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ነው የሚጫወቱት። አንድ አከራይ ተከራዩን ለማስወጣት «ውጣ» ማለት የለበትም። ሮቶውን መቆለፍ ይበቃዋል። «እንጀራ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ጋግሪ፣ መብራት በዛ» ማለት ይበቃዋል። «እንግዳ አበዛችሁ» ይላል። ልጅ ሲያለቅስ መስኮት ያንኳኳል። ከዚያ ተከራዩ ራሱ፣ በራሱ እግር ይወጣል። የሚጠይቅ ቢኖር እንኳ በስምምነት ነው የተለያዩት ይባላል።

ባለፈው ኅዳር ጥያቄ ይዤ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የየትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም፤ ያስተናገደችኝ ልጅ ትሁት ነበረች፣ ጥፋቱም የሷ አይደለም። ስሜን ሳልናገር ጥቆማ መስጠት ይቻላል ወይ አልኳት። ይቻላል አለችኝ። ቀጥላም «የቤት ቁጥሩን ግን መንገር ይጠበቅብዎታል» አለች። እኛ ግቢ ውስጥ ያለው ተከራይ እኛ ብቻ ነን። የቤት ቁጥሩን ከተናገርኩ ስሜን ተናገርኩ ማለት ነው። አመስግኛት ወጣሁ።

እንግዲህ ልለው የመጣሁት ነገር ይህ ነው። ሕጉ እንዲሠራ መጀመሪያ ተከራዩ አቤት ማለት አለበት። አቤት የሚለው ደግሞ ማታ በሩን ከፍቶ ገብቶ ግቢው ውስጥ በሚያድርበት በዚያው ሰውዬ ላይ ነው። ይህን ሸክም ከኛ ላይ አንሱልን። አቤቱታ ሳትጠብቁ እናንተው ጀምሩ።

ይህ ደግሞ የሚከብድ አይመስለኝም። አንድ ሰፈር ውስጥ ያሉ ደላሎች ሁለት ክፍል ቤት ስንት እንደሚያከራዩ በግማሽ ቀን ማወቅ ይቻላል። ደላላው 11,000 እና 12,000 እያለ ሲጠራ መዝገቡ ላይ የመንደሩ ቤት ሁሉ 6,000 ከሆነ፣ ያ መዝገብ ራሱ ነጋሪ ነው። በእጣ ቤት እየመረጡ መጎብኘት ይቻላል። ጉብኝቱ በእጣ ከሆነ ማንም ማንን አልጠቆመም። አከራዩም ተከራዩን በጎሪጥ አያይም። ለተከራዩ ስልክ መደወል ይቻላል፤ ቁጥሩ ውሉ ላይ አለ። ሌላው ደግሞ ተከራይ ብቻውን ሄዶ የሚያስመዘግብበት መንገድ ይኑር። አከራዩ ቀርቦ ካልፈረመ ምንም የለም የሚባል ከሆነ፣ ፈቃዱ የአከራዩ ነው ማለት ነው። የባንክ ደረሰኝ፣ የቴሌብር መልእክት፣ የጎረቤት ምስክር ይበቃ ነበር። በእጅ የተሰጠችዋ ብር ግን ደረሰኝ የላትም። ለሷ ነው ጉብኝቱ የሚያስፈልገው።

ለአከራዮቹም ልናገር፣ ምክንያቱም ሁሉንም አንድ ላይ መጨፍለቅ አልፈልግም። ስንጋባ የተከራየነው ሽሮ ሜዳ ነበር። አከራያችን የሸማኔ ሚስት የነበሩ እናት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከሁለት ክፍል ኪራይ በቀር ገቢ አልነበራቸውም። ጤፍ ሲወደድ 50 ብር ይጨምሩብን ነበር። ሊጨምሩ ያሰቡ ቀን ቡና አፍልተው ይጠሩናል፤ ገና ሲጠሩን እናውቀዋለን። ከሳቸው ጋር ኖረን አንድ ቀን ቅር ተሰኝተን አናውቅም። እንዲህ ያሉ ሰዎች አሁንም ከተማው ውስጥ ሞልተዋል። በ2015 የጣሪያና ግድግዳ ግብር ሲከለስ ብዙ አከራይ ያንን አስልቶ ኪራይ ላይ ደመረው። የኪራይ ገቢ ግብርም አለ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በግቢው ውስጥ አንድና ሁለት ክፍል የሚያከራይን ሰው ፎቅ ከሚያከራይ ሰው መለየት ያስፈልጋል። እውነተኛውን ዋጋ ላስመዘገበ ትንሽ አከራይ ግብሩን አቅልሉለት። ጋሼ 6,000 ያሉት ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም፤ እውነቱን መናገር ስላስፈራቸው ነው። እሳቸው እውነቱን መናገር የሚያዋጣቸው ከሆነ እኔም በመስኮት ብር አላቀብልም።

ታዲያ ለምን አትለቁም የሚል ሰው አይጠፋም። ቤት መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ካለ ልቁጠርለት። መጀመሪያ ደላላ አለ። ቤት ባሳየ ቁጥር የታክሲ ብር አለ፤ ቤቱ ሲገኝ ኮሚሽን አለ። ልጅ አላችሁ ወይ የሚለው ጥያቄ አለ፤ ሁለት ስንል ስልኩ የሚዘጋብን ጊዜ ብዙ ነው። አይሱዙ አለ። የምትወጣበት ሰፈር ጫኝና አውራጅ አለ፤ የምትገባበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ጫኝና አውራጅ አለ። ባለቤቴና ወንድሞቹ ራሳችን እናወርዳለን ቢሉ አይቻልም። ካሳንቺስ አካባቢ የገባን ቀን ፍራሻችን መኪና ላይ እንዳለ በዋጋ ስንከራከር መሽቶ ዝናብ መታው። ያ ፍራሽ እስካሁን አለ፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። ከዚያ ቅድሚያ ክፍያው አለ። ይህን ሁሉ ስትደምሩት የሦስት የአራት ወር ደሞዝ ነው። አከራይ ይህን ያውቃል። ስለዚህ የሚጨምረው ሁልጊዜ ከመልቀቅ ትንሽ የሚሻል መጠን ነው። እኛም ጥርሳችንን ነክሰን እንከፍላለን።

ከገንዘቡ የባሰም አለ። ሰፈር ስንቀይር ከድሮው ወረዳ መሸኛ ማውጣት አለብን። አዲሱ ወረዳ ደግሞ መታወቂያ ለመስጠት የቤቱ ባለቤት በቤት ቁጥሩ እንድንመዘገብ እንዲፈቅድ ይጠይቃል። ብዙ አከራይ በዚህ ጉዳይ ይፈራል፤ «ነገ ቤቱ የኔ ነው ብትሉኝስ?» ይላል። አንድ ጊዜ ስምንት ወር ያለ መታወቂያ ተቀምጠናል። የወረዳ አገልግሎት ሁሉ በዚያች ካርድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የተመዘገበ የኪራይ ውል ያለው ሰው የአከራዩን ፈቃድ ሳይጠይቅ መታወቂያ እንዲያወጣ ብታደርጉ፣ ያኔ ተከራዩ ራሱ ውል ለማስመዝገብ ይሮጣል።

ስለ እድርም ሳልናገር አላልፍም። የባለቤቴ አባት የሞቱ ጊዜ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነበርን። መርዶው የመጣው ሌሊት ነው። ከነበርንበት ሰፈር እድር ስንወጣ መዋጯችን እዚያው ቀርቷል፤ የአዲሱን ሰፈር እድር መግቢያ ገና እየሰበሰብን ነበር። የዚያን ጊዜ አከራያችን ግቢው ጠባብ ነው፣ ድንኳን አይተከልም አሉ። ባለቤቴ በር ላይ ቁጭ አለ። ሰው ሊያለቅስ ይመጣል፤ የት ይቀመጥ? ሁለት ቤት አልፋ የምትኖር እንጀራ ሻጭ ጎረቤት ነች በሯን የከፈተችልን። ስሟን እንኳ በደንብ አናውቅም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እሷ ግቢ ለቅሶ ተቀመጥን፤ ንፍሮውንም እሷ ነች የቀቀለችው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይህን ሲያነሳ ድምፁ ይቆራረጣል። በየሁለት ዓመቱ የሚነቀል ሰው ሲሞትበት የሚያለቅስበት ደጅ የለውም። ሕጉ ሁለት ዓመት ሲል እኔ የሰማሁት ይህን ነበር፤ ቢያንስ እድር የምንገባበት ጊዜ ተገኘ ብዬ ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ልምጣ። ቁጥጥር ብቻውን ቤት አይሠራም። በተጋባን ዓመት፣ በ2005፣ ለ20/80 ኮንዶሚኒየም ተመዘገብን። ለባለ አንድ መኝታ በየወሩ 274 ብር ቆጠብን። እስካሁን አልደረሰንም። የካ አባዶ የተከራየነው ቤት ራሱ የእጣ ቤት ነበር፤ ባለእጣው ሌላ ቦታ እየኖረ ያከራየው። በሰውዬው አልፈርድም፤ እሱም የሚከፍለው የባንክ እዳ ነበረበት። ግን ነገሩን ሳስበው ግር ይለኛል። በድሃ ስም የተሠራ ቤት ለድሃ በገበያ ዋጋ ይከራያል። በወር ከ1,200 ብር በታች ለሚያገኝ ሰው የታሰበው 10/90 ሳይቀር እንዲህ ሲከራይ አይቻለሁ።

የቀበሌ ቤትን ሁሉም ያጣጥለዋል። ጣሪያው ያፈስሳል፣ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ መጸዳጃው ለሃያ ቤተሰብ አንድ ነው። ሁሉም እውነት ነው። ግን ሐምሌ 1967 ትርፍ ቤትን የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ለመንግሥት የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ያ አዋጅ ብዙ ሰው አስለቅሷል፤ ላቡን ያፈሰሰበትን ቤት ያጣ ሰው ቁስሉ እስከ ልጅ ልጁ አለ። ያም ሆኖ የመሐል ከተማው ድሃ ሃምሳ ዓመት ሥራው አጠገብ የኖረው በነዚያ ቤቶች ነው። አያቴ አራት ኪሎ ከጉሊት እስከ ቤታቸው በእግራቸው ነበር የሚመላለሱት። ኪራያቸው በወር አሥር ብር አይሞላም። እናቴን ያስተማሩት ከዚያ በተረፈው ነው።

አሁን ከተማው እየታደሰ ነው። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርቷል። ልጆቼን ይዤ ፒያሳ ወጥቼ አይቻለሁ፤ ያምራል፣ አልክድም። ግን አንድ የቀበሌ ቤት በፈረሰ ቁጥር በትንሽ ብር የሚከራይ አንድ ቤት ከከተማው ይጎድላል። ምትክ የሚሰጠው ስሙ መዝገብ ላይ ላለ ሰው ነው። በግል ግቢ ጓሮ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ የነበረው ሰው ግን ዝርዝሩ ላይ የለም። እሱ በማግስቱ ደላላ ጋ ነው የሚሄደው። ሌላው የፈረሰበት ተከራይም በዚያው ቀን እዚያው ደላላ ጋ ይሄዳል። ያኔ ዋጋው የት እንደሚደርስ አስቡት።

ስለዚህ ለሽያጭ ብቻ ሳይሆን ለኪራይም ሥሩ። መንግሥት ቤት ማከራየት አዲሱ አይደለም፤ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ዛሬም ያከራያል። ኪራዩ ከገቢያችን ጋር የተመዛዘነ፣ በእጣ የማይሸጥ፣ ማንም ወስዶ መልሶ የማያከራየው ቤት ይኑር። እኔ የቤት ባለቤት አድርጉኝ አላልኩም። ኪራዬን በወቅቱ የምከፍል፣ ልጆቼ ስምንተኛ ክፍልን እስኪጨርሱ የማልነቀል ተከራይ አድርጉኝ ነው የምለው። ያ እስኪሆን ድረስ ደግሞ ለሁለቱ ወር ቅድሚያ ክፍያ በአነስተኛ ወለድ የሚሰጥ ብድር ቢመቻች ብዙ ሰው ከአራጣ ይድናል። ከደሞዛችን ላይ በየወሩ ቢቆረጥ እንኳ እንስማማለን።

ሁሉም በአንድ ቀን አይሆንም፤ አውቃለሁ። የሚያስቸኩለኝ ሰኔ ነው። በ2016 ክረምት የተመዘገቡት ውሎች ዘንድሮ ክረምት ሁለት ዓመታቸውን ይሞላሉ። በአንድ ሰሞን እንደኔ ያለ ስንት ቤተሰብ አከራዩ ፊት እንደሚቆም አስቡ። ጋሼ ከወዲሁ «ሰኔ ላይ እንነጋገራለን» ብለውኛል። ከዚያ በፊት በሬዲዮም፣ በቴሌቪዥንም፣ በየወረዳው በር ላይ በሚለጠፍ ወረቀትም ሁሉም ሰው በሚገባው አማርኛ ንገሩን። ውሉ ሲያልቅ ኪራዩ ስንት ላይ ይቆማል? አከራዩ ማደስ አልፈልግም ቢል ተከራዩ ስንት ጊዜ ይሰጠዋል? አዲስ ተከራይ ቢያመጣ በስንት ያከራየዋል? በኮቪድ ጊዜ፣ ሚያዝያ 2012፣ ተከራይ አይወጣም፣ ኪራይ አይጨመርም ተብሎ ሲታወጅ አገሩ ሁሉ ሰምቶት ነበር። ያኔ ባለቤቴ ሥራ ቆሞበት ሁለት ወር ሳንከፍል ስንቀር የነበርንበት ቤት አከራይ ራሳቸው «አዋጅ ነው፣ ምን አደርጋለሁ» ብለው ታገሡን። ተከራዩ አፉን መክፈት አላስፈለገውም፤ አዋጁ ቀድሞት ደርሶ ነበር። አሁንም እንደዚያ ይቅደመን።

ለተከራዮች መደወል ከጀመራችሁ ስልኬ ውሉ ላይ አለ። እባካችሁ በሥራ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደውሉልኝ፤ የትምህርት ቤት እረፍት ሰዓት ነው። ግቢ ውስጥ ሆኜ ስለዚህ ጉዳይ ማውራት አልችልም።

ከአክብሮት ጋር

አንዲት ተከራይ
ሳሪስ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 2018